የእርጥብ አሸዋ ሂሳብ

የዛሬው ትምህርታችን ቤት ለሚሠራ፣ ለመሥራት ላሰበ፣ በሰው ቤት ግንባታም ላይ ለሚውል ሁሉ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አጠገባችሁ አድርጉ፤ ቁጥር ይበዛበታል። ዋና ዋናዎቹን ቀስ ብዬ እናገራቸዋለሁ።

ከእህል ገበያ ልነሳ። ሻጯ ገብስ በቁና ስትሰፍር ገዢዋ ቆማ ታያለች። ቁናው ሲሞላ ገዢዋ ዝም አትልም፤ «እትዬ፣ እስቲ ነቅነቅ ያድርጉት» ትላለች። ሻጯ አንዴ ሁለቴ ስትነቀንቀው ገብሱ ዝቅ ይላል፤ አንድ እፍኝ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨመርበታል። ቁናው አልሰፋም። የወጣው በፍሬና በፍሬ መካከል ተቀምጦ የነበረው አየር ነው። በዚያው ቁና ጤፍ ሰፍራችሁ ብትመዝኑ ደግሞ ከገብሱ ይከብዳል፤ ገብስ ገለባውን እንደለበሰ ነው የሚሰፈረው፣ ጤፍ ግን ደቃቅና ራቁቱን ነው። ቁና አንድ ሆኖ ሚዛኑ ሁለት የሚሆንበትን ምክንያት እናቶቻችን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። የሚያሳዝነኝ፣ ያው እናት ቤት ልታሠራ ስትነሳ ይህን እውቀት የሚጠይቃት ሰው አለመኖሩ ነው።

ግንባታ ቦታ ስንደርስ መለኪያው ይደበላለቃል። ሲሚንቶ በኩንታል ይገዛል። አሸዋ በቢያጆ ይመጣል። ጠጠር በሜትር ኩብ ይታዘዛል። ውሃ በበርሜልና በጀሪካን ነው። ፌሮ አንዱ ሱቅ በቤርጋ፣ ሌላው በኪሎ ይሸጠዋል። አንዱ በክብደት፣ ሌላው በይዘት የተገዛው ይህ ሁሉ ተቀላቅሎ አንድ አርማታ ይሆናል። ክብደትንና ይዘትን የሚያገናኘውን ቁጥር በትምህርት ቤት እፍግታ ይሉታል። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ በዚያ ነገር ሞልታችሁ ስትመዝኑት የምታገኙት ኪሎ ማለት ነው።

ውሃ በሊትር 1 ኪሎ ነው። ሲሚንቶ በከረጢቱ እንዳለ በሊትር 1.44 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። ደረቅ አሸዋ 1.5 ኪሎ ገደማ። የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ጠጠር 1.45 ገደማ። የጠነከረ አርማታ 2.4፣ ፌሮ ሲገባበት 2.5። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ እነዚሁን ቁጥሮች በሺህ አባዙ፤ አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1,500 ኪሎ፣ ማለትም 15 ኩንታል ይሆናል። ከይዘት ወደ ክብደት ስትሄዱ ታባዛላችሁ፤ ከክብደት ወደ ይዘት ስትመለሱ ታካፍላላችሁ። ሌላ ሚስጥር የለውም።

የአሸዋ ቁጥር ግን ከወንዝ ወንዝ ይለያያል። የራሳችሁን አሸዋ ማወቅ ከፈለጋችሁ ወጪ የለውም። የጀሪካን አናቱን ቁረጡ፤ ባዶውን መዝኑ። የወፍጮ ቤት ሚዛን ይበቃል። የተጣራ 10 ኪሎ እስኪሆን ውሃ ጨምሩና ውሃው የደረሰበትን በቀለም አስምሩ፤ ያ መስመር 10 ሊትር ነው። ውሃውን ደፍታችሁ፣ ጀሪካኑን አድርቃችሁ፣ ደረቅ አሸዋ እስከ መስመሩ ሙሉና መዝኑ። የጀሪካኑን ክብደት ቀንሳችሁ የቀረውን ለ10 ስታካፍሉት የአሸዋችሁን ቁጥር አገኛችሁ።

አሁን ቁጥሩን ትልቅ ነገር ላይ እንሞክረው። በሰሜን ሸዋ፣ በእንሳሮ ወረዳ፣ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሯል። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ግማሽ ኩንታል ነውና ይህ 300,000 ከረጢት ነው። በይዘት ስንት ይሆናል? 15 ሚሊዮን ኪሎውን ለ1,440 ስናካፍለው 10,400 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ መጋዘን ቢፈስ 59 ሜትር በ59 ሜትር የሆነ ወለል ይፈልጋል። 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ደግሞ 375 ጊዜ መመላለስ አለበት። ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ መንገድ ላይ ስታዩ ጭነቱ ከላይ ዝቅ ብሎ ግማሹ የጎደለ ይመስላል፤ አልጎደለም። 400 ኩንታሉ 28 ሜትር ኩብ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከቦታው በፊት ክብደቱ ሞልቷል።

ድሮ ይህ ልዩነት ለሰው ግልጽ ነበር። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረች ጊዜ፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በፈረንጆች 1879 ወደ ምኒልክ ዘንድ ሲመጣ፣ ዕቃ የሚጓጓዘው በሰውና በአጋሰስ ጀርባ ነበር። የተሸከመ ሰው ክብደትን በትከሻው ያውቀዋል። እኛ መኪና መጥቶ ሲገለብጥ ቆመን ክምሩን ነው የምናየው፤ ክምር ደግሞ ይዘትን እንጂ ክብደትን አይነግርም።

ወደ አርማታው ልግባ። ለሶሌታና ለኮለን በብዛት የሚታዘዘው ሲ-25 የሚባለው ሲሆን፣ በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ላይ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይጻፍለታል። ያ 7 ከረጢት ከ10 ኪሎ ነው። ከሱ ጋር 180 ሊትር ውሃ፣ 680 ኪሎ ገደማ አሸዋና 1,190 ኪሎ ገደማ ጠጠር ይገባል። ደምሩት፤ 2,410 ኪሎ። የአርማታ ክብደት በሜትር ኩብ 2,400 የሚባለው ከዚህ ነው።

አሁን ያንኑ በይዘት እንቁጠረው። ሲሚንቶው 0.25 ሜትር ኩብ፣ አሸዋው 0.45፣ ጠጠሩ 0.82። ድምሩ 1.52 ሜትር ኩብ። ውሃው ገና አልተጨመረም! ታዲያ ከ1.52 ሜትር ኩብ ደረቅ ነገር እንዴት አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ብቻ ይወጣል? ከቁናው ጋር አንድ ነው። በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት በአሸዋ ይሞላል፤ በአሸዋው መካከል ያለው በሲሚንቶና በውሃ ይሞላል። ክብደቱ አንድም ኪሎ አይጠፋም፤ የሚጠፋው አየሩ ነው። ስለዚህ 10 ሜትር ኩብ አርማታ የሚያስፈልገው ሰው «አሸዋና ጠጠር ተደምሮ 10 ሜትር ኩብ ይበቃኛል» ብሎ ካዘዘ ሥራው መሐል ላይ ይቆምበታል።

ግንበኞች ይህን ሁሉ በየቀኑ አይመዝኑም፤ በሳጥን ነው የሚሰፍሩት። የተለመደው ሳጥን 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 36 ሊትር። የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘትም ወደ 35 ሊትር ስለሆነ ሳጥኑ ከከረጢቱ ጋር እንዲመጣጠን የተሠራ ነው። አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ይባላል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ በአካፋ ከመቁጠር እጅግ ይሻላል። የጠዋት አካፋና የከሰዓት አካፋ አንድ አይደለምና። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሲሚንቶውን በሳጥን አትስፈሩ። ከረጢቱ ተቀዶ ሲፈስ ይነፋፋል፤ በሊትር ወደ 1.2 ኪሎ ከወረደ ያ ሳጥን የሚይዘው 50 ሳይሆን 43 ኪሎ ነው። ሲሚንቶ በሙሉ ከረጢት ይግባ፤ አሸዋና ጠጠሩ እሱን ይከተሉ።

አሁን ዛሬ በዚህ ርዕስ እንድቀርብ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንኮበር ላይ የዘመድ ቤት አሠራ ነበር። ሶሌታው 8 ሜትር በ6 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር፤ 7.2 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በ360 ኪሎ አስቤ 52 ከረጢት ሲሚንቶ ከደብረ ብርሃን አስጫንኩ። ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ትንሽ እንኳ ይተርፋል አልኩ። ክረምቱ ሊወጣ ነበር፣ አንኮበርን ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ጉሙ ጠዋትና ማታ አይለቃትም። አሸዋው ደጅ ተከምሮ አደረ። ሙሌቱ በማለዳ ተጀመረ፤ ሳጥኑ በትክክል ይሰፈራል፣ ባሬላ ይመላለሳል፣ እኔ ቆሜ ከረጢት እቆጥራለሁ። ወደ ማታ ላይ ሁለት ካሬ ያህል ቦታ ሳይሞላ ሲሚንቶው አለቀ።

ሱቁ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ደብረ ብርሃን ነው፤ በዚያ ሰዓት መኪና አልተገኘም። ሶሌታው ተቆርጦ አደረ። የተቆረጠ አርማታ በማግስቱ ሲቀጠል መጋጠሚያው እንደ አንድ አካል አይሆንም፤ ልቤ የተሰበረው ለዚያ ነበር። ግን ከዚያ የባሰ ነገር አደረግሁ። ሦስት ከረጢት ገደማ መጉደል አለበት ብዬ ስላሰላሁ፣ ሌሊት ሲሚንቶውን የሚጠብቁትን አዛውንት ዘበኛ ጠርቼ፣ «አባባ፣ ሌሊት የመጣ ሰው ነበር?» አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ ገባቸው። «ልጄ፣ ቆጥረህ ያስረከብከኝን ቆጥሬ አስረክቤሃለሁ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግስቱ አንድ ዕድሜ የጠገቡ ፎርማን ሥራውን ሊያዩ መጡ። ሂሳቤን አሳየኋቸው። ወረቀቱን አላዩትም፤ ወደ አሸዋው ክምር ሄደው እፍኝ ዘግነው ጨበጡ። እጃቸውን ሲከፍቱት አሸዋው የጣታቸውን ቅርጽ ይዞ ቀረ። «ልጄ፣ ይህ አሸዋ አብጧል» አሉኝ። «እንዴት ያብጣል ጋሼ?» አልኩ። ጎን ጎኑ ቀጥ ያለ ጀሪካን ቆርጠው አመጡ። እርጥቡን አሸዋ ሳይጠቀጥቁ ሞሉበትና ቁመቱን በሜትር ለኩ፤ 20 ሳንቲ ሜትር። አሸዋውን ወደ ጎን አፍስሰው ጀሪካኑን በግማሽ ውሃ ሞሉ። ያንኑ አሸዋ፣ አንድ ጭብጥ ሳያስቀሩ፣ ውሃው ውስጥ መልሰው በፌሮ ቁራጭ አማሰሉትና ረጋ። ለኩት፤ 16 ሳንቲ ሜትር።

አድማጮቼ፣ ይህን ሙከራ በቤታችሁ እንድትሠሩት እለምናችኋለሁ፤ በዓይን ካላዩት የማይታመን ነው። በጥቂቱ የረጠበ፣ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ የያዘ አሸዋ፣ እያንዳንዱ ፍሬው በስስ የውሃ ሽፋን ይከበባል። ያ ሽፋን ፍሬዎቹን አራርቆ ይይዛቸዋል፤ ተጠጋግተው መቀመጥ አይችሉም። በዚህ ምክንያት ይዘቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊያብጥ ይችላል፤ ደቃቅ አሸዋ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጭራሽ በውሃ ሲጥለቀለቅ ግን ሽፋኑ ይፈርስና አሸዋው ወደ ደረቅ ይዘቱ ይመለሳል። ስለዚህ አሳሳቹ የደረቀውም፣ የተጥለቀለቀውም ሳይሆን በመሐል ያለው፣ እጅ ላይ ቅርጹን የሚይዘው አሸዋ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 20 ሲቀነስ 16፣ 4። አራትን ለ16 አካፍሉ፤ 25 በመቶ።

ፎርማኑ ቀጠሉ። «ሁለት ሳጥን አሸዋ ሰፈርን ያላችሁት 1.6 ሳጥን ነው» አሉኝ። ተቀምጠን አሰላነው። አሸዋው ደረቅ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 141 ሊትር አርማታ ይወጣ ነበር። ባበጠው አሸዋ የወጣው 133 ሊትር ነው። 8 ሊትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በ52 ከረጢት ስታባዙት ግን 416 ሊትር ይሆናል። ይተርፋል ያልኩት ሲቀነስ፣ ሶሌታው የጎደለው 300 ሊትር ያህል ነበር። ማንም ሰው አንድ ከረጢት አልነካም።

መፍትሔው ሳጥኑን መለወጥ ነው። አሸዋው 25 በመቶ ካበጠ የአሸዋው ሳጥን ቁመት ከ18 ወደ 22.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የጠጠሩ ሳጥን እንዳለ ይቆይ፤ ጠጠር ስለሚከብድና ፍሬው ትልቅ ስለሆነ አያብጥም። አናጺው ተጨማሪ ጣውላ ለመምታት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ሙከራው ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ አዲስ ጭነት ከመጣ በኋላም ይደገም።

ውሃውም አለ። ለአንድ ሜትር ኩብ የሚገባው 680 ኪሎ አሸዋ 5 በመቶ ከረጠበ 34 ሊትር ውሃ ይዞ ይገባል። ለዚያ አርማታ የተፈቀደው 180 ሊትር ከሆነ በጀሪካን የምትጨምሩት 146 ብቻ ነው። ይህን ሳይቀንሱ 180ውን ሞልቶ መጨመር አርማታውን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ አርማታ ለማፍሰስ ይመቻል፣ ሲደርቅ ግን ደካማ ነው።

«ታዲያ አሸዋን በሚዛን ለምን አንገዛም?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በሚዛን ስትገዙ እብጠቱ አያታልላችሁም፤ ግን 20 ቶን እርጥብ አሸዋ ውስጥ አንድ ቶን ያህሉ ውሃ ነው። በሳጥን የሚገዛ አየር ይገዛል፣ በሚዛን የሚገዛ ውሃ ይገዛል። የውሃው ኪሳራ ከአየሩ በጣም ያንሳል። በጥቂቱ የረጠበ አሸዋ የሞላ ሲኖ ገልባጭ መኪና ደረቅ አሸዋ ከሞላው ሲኖ እንደሚቀል ታውቁ ነበር? 16 ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 24 ቶን ነው። ያበጠው 16 ሜትር ኩብ ደረቁ 12.8 ብቻ ስለሆነ ከነውሃው 20 ቶን ገደማ ይመዝናል።

ስለ ሲኖ ካነሳሁ፣ ከመገልበጡ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ሾፌሩን አክብራችሁ «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ልለካ» በሉት፤ ነውር የለውም። የጭነቱ ሳጥን ለምሳሌ 5.6 ሜትር ርዝመት፣ 2.3 ሜትር ወርድ፣ 1.25 ሜትር ቁመት ቢኖረው 16.1 ሜትር ኩብ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ጭነቱ፣ እንደተነቀነቀው ቁና፣ ይጠቀጠቃል። አሸዋው ከአፉ አንድ ስንዝር፣ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዶ ብታገኙት የጎደለው ከ2.5 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ተጠቅጥቆ ሳይሆን ከመነሻው ጎድሎ ተጭኖ ከሆነ፣ በዚያ አሸዋ ከአምስት ሜትር ኩብ በላይ አርማታ ይሠራ ነበር። አከፋፈሉን ከመጫኑ በፊት ተነጋገሩ፤ ልኬቱ የሚያዘው ሲጫን ነው ወይስ ሲደርስ?

ክብደትን ማወቅ ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ያ የ7.2 ሜትር ኩብ ሶሌታ ሲፈስ፣ ፌሮው ሳይቆጠር፣ 17 ቶን ከ280 ኪሎ ይመዝናል፤ 173 ኩንታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ጣውላውና ከሥሩ የቆመው የባሕር ዛፍ ድጋፍ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 360 ኪሎ ያርፋል፤ ላዩ ላይ የሚመላለሱት ሠራተኞችና ባሬላቸው ሳይቆጠሩ። ድጋፍ ለመቆጠብ እንጨት የሚያራርቅ ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቀው እጁ የሚቆም ይመስለኛል። ከሥሩ ሰው ይቆማልና።

ሌሎቹን በአጭሩ። ፌሮን ከቤርጋ ወደ ኪሎ ለመለወጥ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉ፤ የአንድ ሜትር ኪሎ ይሰጣችኋል። ባለ 12 ፌሮ 144 ሲካፈል ለ162፣ 0.89 ኪሎ ነው፤ ባለ 12 ሜትሩ ቤርጋ 10 ኪሎ ከ670 ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚያ በጣም ከቀለለ ፌሮው ቀጭን ነው። ገረጋንቲ ለሙሌት ስታዝዙ ሲጠቀጠቅ እንደሚወርድ አስባችሁ ከጉድጓዱ ይዘት ሩብ ያህል ጨምራችሁ እዘዙ። መረሬ አፈር ስታስቆፍሩ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 10 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ሲወጣ 12 ወይም 13 ሜትር ኩብ ክምር ይሆናልና የሚያነሳውን መኪና በጉድጓዱ ልክ አትዋዋሉ።

ፎርማኑ ከሄዱ በኋላ ያቺን የተቆረጠች ጀሪካን ይዤ ወደ ዘበኛው ሄድኩ። ከፊታቸው ቁጭ ብዬ ሙከራውን ከመጀመሪያው ደገምኩት። አሸዋው ውሃው ውስጥ ሲወርድ ዝም ብለው አዩ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። በጣታቸው የላይኛውን ምልክት፣ ከዚያ የታችኛውን ዳሰሱ። «ልጄ የአርማታ ሥራ ላይ ነው የሚውለው» አሉኝ፤ «ለሱም አሳየው።» እሁድ ዕለት ልጃቸው መጣ፤ አሳየሁት። ሙከራውን ሁለተኛ የሠራው እሱ ራሱ ነበር፤ 20፣ ከዚያ 16።